ቀኑ የሚይዘውን ያህል

(በሰሚት ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ጊዜ ነው። ፊደል ቆጥራችሁ፣ ማንበብና መጻፍ ጀምራችሁ፣ አሁን ደግሞ ያወቃችሁት እንዳይጠፋ በክትትል ትምህርት ላይ ትገኛላችሁ። እኛ ለማስተማር የተሰለፍን ተማሪዎች ከክፍል ሰው ሲጎድል «ለምን ቀራችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ጊዜ የለኝም።» ይህ መልስ ሰበብ አይደለም፤ እውነት ነው። እውነት ከሆነ ግን እስከ ሥሩ ልንመረምረው ይገባል። ጊዜው የት ሄደ? ምን ወሰደው? ከሄደውስ ጥቂቱን መመለስ ይቻላል ወይ?

ስለ ጊዜ ሲነሣ የምንሰማው ምክር «ጊዜ ወርቅ ነው፤ ጊዜህን አታባክን» የሚል ነው። ምክሩ ደግ ነው። ነገር ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለማትቀመጥ እናት «ጊዜሽን አታባክኚ» ቢሏት ምን ይጠቅማታል? ያባከነችው ጊዜ የላትም። ችግሯ ሌላ ነው። ቀኑ ከሚይዘው በላይ ሥራ ተሸክማለች። ማታ ጋደም ስትል የሠራችውን ትረሳውና ያልሠራችውን መቁጠር ትጀምራለች። ልብሱ አልታጠበም፤ የታመመችው ጎረቤት አልተጠየቀችም፤ የዕድሩ ገንዘብ አልተከፈለም፤ ደብተሩም ሳይገለጥ ዋለ። ልቧ ይመታል፤ እንቅልፏ ይሸሻል። የዕለት ጭንቀት የምንለው ይኸው ነው።

ስለዚህ ዛሬ «እንዴት አድርገን ብዙ እንሥራ?» ብለን አንነጋገርም። ጥያቄያችን ሦስት ነው። ቀናችን ስንት ይይዛል? ከሚይዘው ውስጥ የትኛውን እንምረጥ? የተረፈውን ሸክምስ ከማን ጋር እንካፈል? ለዚህም አዲስ ዕውቀት አያስፈልገንም። መጻፍ፣ መደመርና መቀነስ ተምረናል። ይህንኑ ዕውቀት በራሳችን ቀን ላይ እናውለው።

ቀኑ ስንት ይይዛል?

የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከፀሐይ ጋር ይሄዳል። ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስትጠልቅም እንዲሁ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ የሆነው አገራችን ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ነው። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ግን ልዩነቱ ከ8 ሰዓት ይበልጣል። የጥንት ሊቃውንቶቻችንም በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ቀንና ሌሊቱን በ60 ኬክሮስ ከፍለውታል። አንዱ ኬክሮስ በዛሬው ሰዓት 24 ደቂቃ ይሆናል። በ24 ሰዓትም ተቆጠረ በ60 ኬክሮስ፣ ቀኑ ያው ነው። ለባለጸጋ አይጨመርለትም፤ ከድኻም አይቀነስበትም።

ልኩ ለሁሉም እኩል ቢሆንም፣ ከልኩ ውስጥ በእጃችን የሚቀረው ግን እኩል አይደለም። አንዲት እናት እንውሰድ። መኖሪያዋ እዚሁ ሰሚት ከጋራ መኖሪያ ቤቶቹ በአንዱ ነው። ሥራዋ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ባልና ሁለት ልጆች አሏት። የሥራ ቀኗን በወረቀት ላይ እንጻፈው።

እንቅልፍ፦ 7 ሰዓት
ሥራ፦ 8 ሰዓት
የምሳ ዕረፍት፦ 1 ሰዓት
መንገድ፣ ደርሶ መልስ፣ ከነሰልፉ፦ 2 ሰዓት ተኩል
ምግብ ማብሰልና ዕቃ ማጠብ፦ 2 ሰዓት
ልጆችን ማሰናዳት፣ ቤት መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት፦ 1 ሰዓት ተኩል
መብላት፣ መታጠብ፣ ጸሎት፦ 1 ሰዓት

ደምሩት። 23 ሰዓት ይሆናል። ከ24 ላይ 23 ሲቀነስ 1 ሰዓት ይቀራል። የዚህች እናት የራሷ የሆነው ጊዜ ይህ 1 ሰዓት ብቻ ነው።

በዚህ 1 ሰዓት ውስጥ ምን ልታደርግ አስባለች? ትምህርት 1 ሰዓት ተኩል፣ ልብስ ማጠብ 1 ሰዓት፣ የታመመ መጠየቅ 1 ሰዓት፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት 1 ሰዓት። ድምሩ 4 ሰዓት ተኩል ነው። 4 ሰዓት ተኩል በ1 ሰዓት ውስጥ አይገባም። ይህ 90 ሊትር ውሃ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ እንደመጨመር ነው። ውሃው ይፈስሳል እንጂ ጀሪካኑ አያድግም። ይህች እናት ሰነፍ አይደለችም፤ ዝርክርክም አይደለችም። ሒሳቡ ራሱ አልገጠመም። ሒሳቡን በወረቀት ላይ ያላየ ሰው ግን ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። «እኔ አልረባም» ይላል። ጭንቀቱንም የሚያብሰው ይህ ነው።

የሥራው ሰዓት እንኳ ልክ ተበጅቶለታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለቤት ሥራ ግን አዋጅ የለውም፤ ለመንገድም የለውም። ስለዚህ ልኩን የምናበጀው እኛው ነን።

መንገዱን በእውነተኛ ሰዓቱ እንቁጠር

በሰሚት ኑሮ ጊዜን በብዛት የሚወስደው መንገድ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአዲስ አበባ ዳር ዳር በብዛት ሲሠሩ፣ ብዙ ሰው ከመሐል ከተማ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ ጎሮ መጣ። ቤቱ ዳር ወጣ፤ ሥራው ግን ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ ቦሌ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲና በመገናኛ አልፎ እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ። ከሰሚት ሰው ግን እስከ ባቡሩ መድረስ ራሱ አንድ መንገድ ነው። ታክሲው ሰልፍ አለው፤ አውቶቡሱም ሰልፍ አለው፤ መገናኛ ላይ ደግሞ እንደገና ሌላ ሰልፍ አለ።

ታዲያ «ከሰሚት መገናኛ ስንት ደቂቃ ነው?» ተብለን ስንጠየቅ ምን እንላለን? «አይ፣ 20 ደቂቃ ነው» እንላለን። እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን 20 ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ሰኞ ጠዋት በ1 ሰዓት ተኩል፣ ዝናብ ሲዘንብ ግን 20 ደቂቃ አይደለም። ሰኞን በእሑድ ሰዓት የሚያቅድ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲሮጥ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘገይ፣ ሳምንቱን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ይኖራል።

ይህ የእኛ አገር ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። በካናዳ ተመራማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ ተማሪዎችን «መቼ ትጨርሳላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ጥናቱ የታተመው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ተማሪዎቹ በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን አሉ። «ነገሩ ሁሉ እንቅፋት ቢገጥመውስ?» ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። የጨረሱት ግን በአማካይ በ55 ቀን ተኩል ነው። ክፉውን ገምቱ ሲባሉ የገመቱት እንኳ ከእውነቱ አነሰ። የሰው ልብ ስለ ነገ ሲያስብ እንቅፋቱን አያይም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ተስፋችሁን ሳይሆን ያለፈውን ሳምንት ጠይቁት። ለ5 የሥራ ቀናት ከቤት የወጣችሁበትንና ከሥራ የደረሳችሁበትን ሰዓት በደብተራችሁ ጻፉ። 5ቱን ደምሩና ለ5 አካፍሉ። ያገኛችሁት ቁጥር እውነተኛው መንገዳችሁ ነው። ከዚያ ላይ 15 ደቂቃ ጨምሩ። ቶሎ ከደረሳችሁ 15 ደቂቃዋ የዕረፍት ናት፤ የዚህችን መጽሐፍ ሁለት ገጽ ታነቡባታላችሁ።

ሥራን በየዓይነቱ መለየት

ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስት ዓይነት ሥራ አለ።

አንደኛው በራሱ ጊዜ የሚደርስ ሥራ ነው። እንጀራን ተመልከቱ። ዱቄቱ በእርሾ ይቦካል፤ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ አብሲት ይጣላል፤ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ከነዚህ ቀናት ውስጥ እጅ የሚፈልገው ሰዓት ጥቂት ነው፤ የቀረውን ሊጡ ራሱ ይሠራዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ ማጣደፍ አይቻልም፤ አስቀድሞ መጀመር ግን ይቻላል። ለቅዳሜ እንጀራ የሚፈልግ ቤት ረቡዕ ወይም ሐሙስ ያቦካል። ዓርብ ማታ «እንጀራ አለቀ!» ብሎ መደናገጥ የመጣው ከሥራው ክብደት አይደለም፤ በጊዜው ካለመጀመሩ ነው።

ሁለተኛው እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። ልብስ ማጠብ፣ መጋገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። ይህ ሥራ ሰውየው እዚያው ካልተገኘ አይሠራም። በአንድ ጊዜ ሁለቱን ልያዝ ቢሉ ሁለቱም ይበላሻሉ። አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ያሉት ለዚህ ነው። ወጥ እያማሰሉ፣ ልጅ እያስጠኑ፣ በስልክ እያወሩ ጊዜ ያተረፍን ይመስለናል። ወጡ ያርራል፤ ልጁ ይቆጣል፤ የስልኩም ነገር ይረሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሦስተኛው ደጅ የሚያስጠና ሥራ ነው። ወረፋ፣ ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ቧንቧ መጠበቅ። ይህ ጊዜ በእኛ እጅ አይደለም። ስለዚህ «በ1 ሰዓት ጨርሼ እመለሳለሁ» ብለን ሌላ ሥራ አናስከትልበት። ጽሕፈት ቤት የምንሄድበት ቀን ግማሽ ቀን እንደሄደ እንቁጠረው። ቶሎ ካለቀ ትርፍ ነው። እየጠበቅን ልንሠራው የምንችለውን ነገር፣ ለምሳሌ መጽሐፍ ወይም ጥልፍ፣ እንያዝ።

በዙር መሥራት

«ሁሉም ሥራ አስፈላጊ ነው፤ የቱን እተዋለሁ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ መተው ብቻ ሳይሆን በዙር መሥራት ነው።

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ በአገራችን ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተብሎ መፈክር ቢሰማም፣ ሁሉን ሰው በአንድ ቀን ማስተማር አይቻልም ነበር። ስለዚህ ዘመቻው በዙር ተከፈለ። መጀመሪያ ከተሞች፣ ቀጥሎ ገጠሩ። ማስተማሪያ ቋንቋዎቹም በ5 ተጀምረው በኋላ 15 ደረሱ። ሥራው በዓለም ዘንድ ታወቀ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ከሚሰጡት የመሠረተ ትምህርት ሽልማቶች አንዱን ኢትዮጵያ አገኘች። ይሁን እንጂ መሃይምነት በታቀደው ጊዜ አልጠፋም። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ ከሚችለው እጅግ ይበልጥ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ትልቅ ሥራ በዙር ይያዛል። የተያዘውም ሥራ ከታሰበው በላይ ጊዜ ይፈጃል።

ወደ ቤታችን እንመልሰው። የሳምንቱን ሥራ በሙሉ በዛሬ ላይ አንጫን። ትምህርቱ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ከሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ማታ ልብስ አይታጠብም። ልብሱ የቅዳሜ ነው። የታመመ ለመጠየቅ ማክሰኞ አለ፤ ለቡናውም እሑድ አለ። እያንዳንዱ ሥራ ቀን ሲቆረጥለት ልብ ያርፋል። «አልሠራሁትም» የሚለው ሐሳብ «ቀኑ ገና ነው» በሚለው ይተካል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ለሚጨነቅ ሰው ግን ትልቅ ነው።

ስንመድብ ግን ሳምንቱን እስከ አፉ አንሙላው። ለቅሶ ቀን ቆርጦ አይመጣም። ልጅ ይታመማል፤ መብራት ይጠፋል፤ ከገጠር ዘመድ ይመጣል። በእኛ አገር ኑሮ እነዚህ ድንገተኛ ነገሮች አይደሉም፤ በየሳምንቱ አንዱ ይመጣል። የማናውቀው የትኛው እንደሚመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ምሽትና የአንድ ቀን ግማሽ ምንም ሳይመደብባቸው ይቀመጡ። ለቅሶ ከመጣ ለለቅሶው ይሆናል። ካልመጣ ዕረፍት ነው። ዕረፍትም ሥራ ፈትነት አይደለም።

እንቅልፍንም አንንካ። ጊዜ ሲያጥረን መጀመሪያ የምንቀንሰው ከእንቅልፍ ነው፤ ዝም ስለሚል። ለጎልማሳ ሰው በሌሊት 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ከዚያ ያነሰ እንደሆነ ሰው ይነጫነጫል፤ የተማረውም አይያዝለትም። ከእንቅልፍ የተበደሩት ሰዓት በማግሥቱ ከነወለዱ ይከፈላል።

የሌላውን ሰው ጊዜ ማክበር

ጊዜያችንን የሚወስደው መንገድና ሥራ ብቻ አይደለም። እርስ በርሳችንም እንወሳሰዳለን። የዕድር ስብሰባ ለ3 ሰዓት ተጠርቶ በ4 ሰዓት ተኩል ተጀመረ እንበል። 40 ሰው ተቀምጦ 1 ሰዓት ተኩል ጠበቀ። 40 ጊዜ 1 ተኩል 60 ነው። 60 የሥራ ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ አንድ ሠራተኛ ይህን ያህል ሰዓት የሚሠራው በ7 ቀን ተኩል ነው። በገንዘብ ቢሆን ኖሮ ጉባኤው ይጮህ ነበር። ጊዜ ስለሆነ «የሐበሻ ቀጠሮ ነው» ተብሎ በሳቅ ያልፋል። ሳቁ ግን የሚጎዳው በሰዓቱ የመጣውን ነው። በሚቀጥለው እሱም ይዘገያል፤ እንዲህ እያለ ስብሰባው ከ3 ወደ 5 ይሸሻል።

አንዳንዴም መዘግየቱ የሚመጣው ከሁለት ዓይነት ሰዓት ነው። በስልክና በአንዳንድ ወረቀት ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። 9:00 ብሎ ከተጻፈ 6 ቀንሱለት፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። 14:00 ካለም 6 ቀንሱለት፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ስትቀበሉ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንድ ጥያቄ ግማሽ ቀን ታድናለች።

ሸክሙን መካፈል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። መንገዱንም በትክክል ቆጠርን፤ ሥራውንም በዙር ከፋፈልን። ያቺ እናት ግን አሁንም በቀን 1 ሰዓት ብቻ ነው ያላት። ትምህርቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። አይገባም። ዕቅድ ብቻውን አያድናትም።

እስቲ ዝርዝሩን እንደገና አንብቡት። ማብሰል፣ ዕቃ ማጠብ፣ ልጆችን ማሰናዳት፣ መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት፤ ሁሉም በእሷ ስም ተጽፏል። ባልየውም ከሥራ ደክሞ ነው የሚመጣው፤ ይህ እውነት ነው። እሷም ከሥራ ደክማ ነው የመጣችው፤ ይህም እውነት ነው። በ2005 ዓ.ም. በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በአገር አቀፍ ደረጃ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ተደርጎ ነበር። ሴቶች ክፍያ በሌለው የቤት ሥራ ላይ ከወንዶች እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚያጠፉ ያ ጥናት አሳይቷል። በእያንዳንዳችን ቤትም ቢቆጠር ውጤቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

«ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ?» የሚል አይጠፋም። እኛ የምንመልሰው እንዲህ ነው። ወንድ ልጅ ሆቴል ቤት ወጥ ሲሠራ ማንም አይስቅበትም። በካምፕ ያለ ወታደርም ምግቡን ያበስላል፤ ልብሱን ያጥባል። ነውሩ ከሥራው አይደለም ማለት ነው። እንግዲህ በቤቱስ ምን ይከለክለዋል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው።

በቁጥር እንየው። ባልየው ከምግቡና ከዕቃው 1 ሰዓት ይውሰድ። ከልጆቹ ተለቅ ያሉት፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ መጥረጉንና ውሃውን ግማሽ ሰዓት ይውሰዱ። እናትየዋ 1 ሰዓት ተኩል አገኘች። ከነበራት 1 ሰዓት ጋር 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። ከዚህ ላይ 1 ሰዓት ተኩል ትምህርቷን ብትቀንሱ 1 ሰዓት ይተርፋታል። ይህ ሁሉ የሆነው ማንም ተጨማሪ ሳይሮጥ፣ ማንም ከእንቅልፉ ሳይቀንስ ነው። ባልየውም የሚያተርፈው አለ። ማታ ከምትነጫነጭ ይልቅ የምትጨዋወት ሚስት ያገኛል፤ ልጆቹም እናታቸው ደብተር ይዛ ሲያዩ ደብተራቸውን ይወዳሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይገጥም ቀን አለ። ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት ባል የላትም፤ ልጆቿም ገና ሕፃናት ናቸው። እሷ ከጎረቤት ጋር ትካፈል። ዛሬ አንዷ የሁለቱንም ልጆች ትጠብቅ፣ ነገ ሌላዋ። ክፍላችንም ሕፃን ይዞ ለመጣ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

መንገዱን በሚመለከት ደግሞ የአንድ ሰው ብልኃት ብቻ አይበቃም። የአንድ መንደር ሰው ሁሉ በቀን 2 ሰዓት ተኩል በመንገድ ላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ ይህ የማንም ስንፍና አይደለም። የጋራ ችግር ነው፤ በጋራ ይነገራል። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ «ትራንስፖርት አስቸገረን» ብሎ መናገር አንድ ነገር ነው። «20 ሰዎች ለ5 ቀናት ጽፈናል፤ በአማካይ ይህን ያህል ደቂቃ በሰልፍ ቆመናል» ብሎ ወረቀት ማቅረብ ሌላ ነገር ነው። ማንበብና መጻፍ የሚያስገኘው ኃይል ይህ ነው። ያልተጻፈ ብሶት ከስብሰባው ጋር ይበተናል፤ የተጻፈ ቁጥር ግን መልስ ይጠይቃል።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ

ብዙ ተናገርን፤ የምንጀምረው ግን በጥቂቱ ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ለ5 ደቂቃ ደብተራችሁን ገልጣችሁ የነገን ሥራ ጻፉ። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በአሜሪካ አገር በቤይለር ዩኒቨርሲቲ 57 ወጣቶች ተፈትነው ነበር። ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ቀጥሎ የሚሠሩትን የጻፉት፣ ሠርተው የጨረሱትን ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። በጭንቅላት የሚዞረው ሐሳብ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ሰውየውም ያርፋል። ይህ መድኃኒት በገንዘብ አይገዛም፤ መጻፍ ለሚችል ሰው ግን በእጁ ነው። እናንተ ደግሞ መጻፍ ትችላላችሁ።

የምትጽፉት ብዙ አይሁን። ነገ የግድ መሠራት ያለበትን አንድ፣ ቢሠራ ደግ የሆነውን ሁለት ጻፉ። በእነዚህ ሦስት ፊት ለፊት የሚፈጁትን ሰዓት ጻፉ። ድምሩ በእጃችሁ ካለው ሰዓት ከበለጠ አንዱን ወደ ሌላ ቀን አዛውሩ፣ ወይም የሌላ ሰው ስም ጻፉበት። በማግሥቱ ማታ የተሠራውን ሰርዙ። ያልተሠራውን በራሳችሁ ላይ ሳትፈርዱ ቀን ቁረጡለት።

ቀኑ 24 ሰዓት ነው፤ አይጨምርም። ከዚያች ውስጥ የራሳችሁ የሆነችውን 1 ሰዓት ለይታችሁ ካወቃችኋት ግን ማንም በዘፈቀደ አይወስድባችሁም። ለዚያችም ሰዓት ከምታውሏት ነገር አንዱ ትምህርታችሁ ይሁን። ሰኞ በ12 ሰዓት ተኩል በክፍል እንገናኝ። እኛም በ12 ሰዓት ተኩል እንጀምራለን፤ በ2 ሰዓት እንለቃችኋለን።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የትናንትናውን ቀናችሁን ጽፋችሁ ደምሩ። የራሳችሁ የሆነ ስንት ሰዓት ተረፈ?
2. ከቤታችሁ እስከ ሥራ ወይም እስከ ገበያ ያለውን መንገድ ለ5 ቀናት ጻፉ። ከገመታችሁት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በስንት ደቂቃ?
3. በቤታችሁ ከሚሠሩት ሥራዎች ውስጥ በአንድ ሰው ስም ብቻ የተያዙት የትኞቹ ናቸው? የትኛውን ለማን ማካፈል ይቻላል?
4. የዕድራችሁ ወይም የማኅበራችሁ ስብሰባ ስንት ደቂቃ ዘግይቶ ይጀምራል? የጠፋውን ጊዜ በሰው ብዛት አባዙና ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው።